ከቺቺ እስከ ኮባን በካምዮኔታ፦ መጀመሪያ የገበያውን ቀን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ነሐሴ ላይ ከዋሽንግተን ወደ ጓቴማላ ትሄጃለሽ፤ ከአንቲጓ ተነስተሽ በ12 ቀን ውስጥ ኔባህን፣ ቶዶስ ሳንቶስንና ኮባንን በሕዝብ አውቶቡስ ብቻ ማዳረስ ይቻላል ወይ? ስፓኒሽሽ ትንሽ ነው፣ ሻንጣሽም ባለ ጎማ ነው። ይቻላል። ግን ዕቅድሽ ቶዶስ ሳንቶስን ማክሰኞ፣ ኔባህን ቅዳሜ ላይ አስቀምጧል፤ እሱን ገልብጪው።

በማያዎቹ ደጋ የአውቶቡሱን ፕሮግራም የሚያወጣው ገበያው ነው። በገበያ ቀን ገና ሳይነጋ ከየመንደሩ መኪና ይወጣል፣ ከቀትር በኋላ ሞልቶ ይመለሳል። ገበያ በሌለበት ቀን እዚያው መስመር ላይ ረጅም ሰዓት ተገትረሽ ልትጠብቂ ትችያለሽ። ቺቺካስቴናንጎ (በአጭሩ ቺቺ) እና ኔባህ ሐሙስና እሑድ፣ ኔባህ አጠገብ ያለችው ቻሁል ማክሰኞና ዓርብ፣ ቶዶስ ሳንቶስ ቅዳሜ ይገበያሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ከአንቲጓ ወጥተሽ ቺቺ እደሪ፣ እሑድ ጠዋት ገበያውን አይተሽ ከቀትር በፊት ወደ ኔባህ ቀጥዪ። ማክሰኞ ለቻሁል ይሁን፤ ሐሙስ የኔባህን ገበያ እይ፤ ዓርብ በሌሊት ተነስተሽ በዌዌቴናንጎ በኩል ቶዶስ ሳንቶስ ግቢ። ቅዳሜ ገበያው ደጅሽ ላይ ይጠብቅሻል። እሑድ ዕረፊ፤ ሰኞና ማክሰኞ ለኮባን መንገድ ይበቃሉ። አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የቀረችውን አንድ ቀን እንዳትነኪያት፤ ነሐሴ የዝናብ ወር ስለሆነ መንገድ ቢዘጋ የምትከፍይበት እሷን ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አንቲጓ ግን ገንዘብ አትቆጥቢ። ዋና ከተማው ውስጥ በከተማ አውቶቡስ አትሳፈሪ፤ ወሮበሎች ሹፌሮችን ገንዘብ እያስገደዱ፣ ያልከፈለውን የሚገድሉበት መስመር አለ። ታክሲ ወይም የቱሪስት ሚኒባስ ያዢ። ገጠር ላይ ስጋቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ዋናው ነገር ሳይመሽ መድረስ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የምታድሪበት ከተማ ውስጥ ካልሆንሽ፣ ባለሽበት ማደሪያ ፈልጊ። ነሐሴ ላይ ዝናቡም በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው የሚወርደው፤ ጠዋት የሄደ ሰው ሁለቱንም ያመልጣል።

መኪናው እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ካምዮኔታ የሚሉት ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ተበይዶለታል። ለልጆች በተሠራ ወንበር ሦስት አዋቂ ይቀመጣል። በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠው ሰው ግማሽ ጎኑ አየር ላይ ስለሆነ፣ ከማዶው ካለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የሚሄዱት። ከኋላው ጎማ በላይ ያለውን ወንበር ተዪ፤ ጠጠር መንገድ ላይ ወገብ ይሰብራል። ከፊት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ረድፍ፣ መስኮት ጥግ ጥሩ ነው።

ሻንጣሽን ረዳቱ ተቀብሎ በኋላው መሰላል ጣሪያ ላይ ያወጣዋል። አንዳንዴ መኪናው መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው አስሮ የሚጨርሰው፤ ከዚያ በመሰላሉ ወርዶ በኋላው የአደጋ በር ይገባል። ስለዚህ ባለ ጎማውን ሻንጣ ቤት ተዪው። ከ40 ሊትር የማይበልጥ የጀርባ ቦርሳ ያዢ፣ ልብሱን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለሽ ክተቺ፣ የሚንጠለጠለውን ማሰሪያ ሁሉ እሰሪ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ መድኃኒትና ጃኬት ጭንሽ ላይ በምትይዣት ትንሽ ቦርሳ ይሁኑ። ጃኬቱን ጣሪያ ላይ የሰቀለ ሰው ወደ ቶዶስ ሳንቶስ ሲወጣ ይቀጣል፤ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ያቋርጣል፣ መስኮቱም ሁልጊዜ አይዘጋም።

ስትሳፈሪ አትከፍይም። ተቀምጠሽ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ረዳቱ እየተሽሎከለከ መጥቶ ይሰበስባል። ከዚያ በፊት አጠገብሽ ያሉትን እናት «ኩዋንቶ ኤስ ኤል ፓሳሄ አ ኔባህ?» ብለሽ ጠይቂና የነገሩሽን ያህል በእጅሽ ያዢ። ታሪፉን የሚያውቅ ሰው ላይ እምብዛም አይጨምሩም። ለግምት ያህል ለአንድ ሰዓት መንገድ ከ10 እስከ 15 ኬትሳል አስቢ፤ አንድ ዶላር ወደ 7.70 ኬትሳል ነው። ድፍን መቶ ኬትሳል ከሰጠሽ መልሱን «ቆይ» ብሎ ያቆየዋል፤ ብዙውን ጊዜ ይመልሳል፣ ግን ከመውረድሽ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ አስታውሽው። ባለ 5፣ ባለ 10ና ባለ 20 ኖት ሁልጊዜ ይኑርሽ። መውረድ ስትፈልጊ «አኪ፣ ፖር ፋቮር!» ብለሽ ጮክ በይ፤ ደወል የለም።

ከአንቲጓ ቺቺ ቀጥታ አውቶቡስ አትጠብቂ። ከገበያው ጀርባ ካለው መናኸሪያ ቺማልቴናንጎ የሚለውን ያዢ፣ እዚያ ወርደሽ ዋናው አውራ ጎዳና ላይ «ኪቼ» የሚል ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ያለውን አስቁሚ። እሱ ሎስ ኤንኩዌንትሮስ መገንጠያ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ በቺቺ ያልፋል። «ሼላ» (ኬትሳልቴናንጎ) ወይም «ዌዌ» (ዌዌቴናንጎ) የሚለው ከመጣም መሳፈር ትችያለሽ፤ መገንጠያው ላይ ወርደሽ መለወጥ ነው። ሁሉም ተደማምሮ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ከቺቺ ሳንታ ክሩዝ ዴል ኪቼ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚያ ወደ ኔባህ የሚሄደው ሚኒባስ ነው፤ ሲሞላ ይነሳል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዢለት። መንገዱ መጀመሪያ ሳካፑላስ የምትባለው ከተማ ያለው ወንዝ ድረስ፣ 1,200 ሜትር ወደሚሆን ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ እየተጠማዘዘ ተራራውን ወጥቶ 1,900 ሜትር ላይ ወዳለችው ኔባህ ይዘልቃል። መኪና የሚያጥወለውልሽ ከሆነ ኪኒኑን ከኪቼ ከመነሳትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ዋጪ፤ ሳካፑላስ ላይ ቢዋጥ አይደርስልሽም።

ወደ ዌዌቴናንጎ ስትሄጂ ወደ ኪቼ መመለስ የለብሽም። ሳካፑላስ ላይ ወርደሽ የአጓካታንን መኪና ያዢ፤ እሱ በነጭ ሽንኩርት ማሳ መሀል አድርጎ ዌዌ ያደርስሻል። ገንዘብ የምታወጪው ዌዌ ላይ ነው። ትንንሾቹ ከተሞች ውስጥ የገንዘብ ማሽን ቢኖርም ባዶ ሆኖ ወይም ካርድሽን እምቢ ብሎ ይጠብቅሻል፤ ለአራት ቀን የሚበቃሽን ይዘሽ ውጪ። ቀላል አልጋ ከ75 እስከ 150 ኬትሳል ይገኛል። ከዌዌ ቶዶስ ሳንቶስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች። ብዙ ዓመት ዋሽንግተን የኖረ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ራሱን ሊያመው ይችላል። ወደ ዌዌ የሚመለሱት መኪኖች የሚበዙት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሰኞውን ሰዓት እሑድ ማታ ባለ አልጋውን ጠይቂ።

ነሐሴ ላይ ጾመ ፍልሰታን ስለምትይዢ ምግቡን ልንገርሽ። ቶርቲያና ጥቁር ባቄላ የትም አይጠፋም፣ ግን ባቄላውን ብዙ ቦታ በአሳማ ስብ ነው የሚጠብሱት። «ሲን ማንቴካ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትብዪ። ታማሌም እንዲሁ ነው። ኔባህ ላይ ቦሽቦል ፈልጊ፤ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ተጠቅልሎ ተቀቅሎ፣ በተፈጨ የዱባ ፍሬና በቃሪያ ስጎ ይቀርባል። ያጠግባል።

ይሄን ግን ከልብሽ ስሚኝ፤ ልጆችን ፎቶ አታንሺ፣ እናት ሳትፈቅድ ሕፃን አታቅፊ፣ ከረሜላም አትስጪ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶዶስ ሳንቶስ ገበያ ላይ የውጭ ሰዎች ሕፃናት ይሰርቃሉ የሚል ወሬ ተነስቶ አንድ ጃፓናዊ ቱሪስትና አንድ የአገሬው የአውቶቡስ ሹፌር በሕዝብ ተገድለዋል። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። እስከ 1996 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ሠራዊቱ በኔባህ ዙሪያ ያሉ ኢሺል የሚባሉትን ማያዎች መንደሮች አቃጥሏል፣ ሕዝቡን ጨፍጭፏል፤ የምታገኚያቸው አዛውንቶች ያንን ያዩ ናቸው። ብዙዎቹ እናቶች ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ያንቺ መንተባተብ አያሳፍርሽም፤ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ሰላምታ አስቀድሚ። ችግር ከገጠመሽ 1500 ደውዪ፤ የቱሪስት እርዳታ ነው።

አንዳንድ ቀን ሰልፈኛ መንገድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 አገሩ በሙሉ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። የአንድ ቀን መዘጋት ከሆነ መኪናው እስከ ሰልፉ ያደርስሻል፣ ቦርሳሽን ተሸክመሽ በእግር ታልፊያለሽ፣ ማዶ ላይ ዞሮ የሚመለስ መኪና ትይዣለሽ። ሲያልፉ ሰላም ማለት እንጂ መከራከርም ፎቶ ማንሳትም የለም።

የመጨረሻው መንገድ፣ ከዌዌ በሳካፑላስ፣ በኩኔንና በኡስፓንታን አድርጎ ኮባን የሚወስደው፣ ከሁሉም ያምራል፤ ከሁሉም የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሰኞ ኡስፓንታን እደሪ፣ ማክሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ኮባን ለመድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሳን ክሪስቶባል ልትደርሺ ስትይ ሎስ ቾሮስ የሚባለው ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. ጥር 2009 ተራራው ተንዶ ከ30 በላይ ሰው ቀብሯል፤ ዛሬም ዝናብ ሲበዛ አፈሩ ይንሸራተታል። ማታውን ሲዘንብ ካደረ ሹፌሩን «ኤስታ አቢየርቶ?» (ክፍት ነው?) ብለሽ ጠይቂ፣ ካመነታ አትሳፈሪ። ዌዌ ላይ እያለሽ ዝናቡ ለሁለት ቀን ያለማቋረጥ ከወረደ ደግሞ ይሄን መንገድ ጭራሽ ተዪው፤ በትልቁ አውቶቡስ ወደ ዋና ከተማው ተመለሽ፣ እዚያ አድረሽ የኮባንን አውቶቡስ ያዢ። ዙሩ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ግን እስከ ኮባን ድረስ አስፋልት ነው።