ዮርዳኖስን በአንድ ሳምንት፦ ፔትራ ላይ አትቸኩዪ

እህቴ፣ አማንን፣ የሮማውያን ዘመን ፍርስራሽ ያለበትን ጀራሽን፣ ከዓለት የተፈለፈለችውን ጥንታዊ ከተማ ፔትራንና የዋዲ ረምን በረሃ በአንድ ሳምንት ማዳረስ ይቻላል ወይ ብለሽ ነበር። በደንብ ይቻላል። አገሩ ትንሽ ነው። ከአማን ፔትራ በመኪና 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ዋዲ ረም ደግሞ 2 ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እኔ ብሆን ለፔትራ 2 ሙሉ ቀን እሰጣለሁ። ብዙ ሰው ኻዝኔህ የሚባለው ዝነኛ ከዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ ፊት ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፤ በጣም ያሳዝነኛል። በጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ ግቢ። ሲቅ የሚባለው ጠባብ የገደል መተላለፊያ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትሄጂ ወደ ላይ ብቻ አትዪ፤ ፔትራን የሠሩት የጥንት ሰዎች፣ ናባታውያን፣ ከግድግዳው ላይ ፈልፍለው ውኃ ያሳለፉበትን ቦይ ልብ በዪው። በዚያ ደረቅ ምድር ከተማ ያኖረው እሱ ነው! ዴይር ወደሚባለው፣ ተራራው ላይ ወዳለው ሌላ የዓለት ሕንፃ የሚያወጣውን 800 ገደማ ደረጃ ለሁለተኛው ቀን አቆዪው።

ዋዲ ረም ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሪ። በረሃ ነው ብለሽ ጃኬት እንዳትተዪ፤ በተለይ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ለጀራሽ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ጆርዳን ፓስ የሚባለውን የጎብኚዎች የጋራ ትኬት ከመሄድሽ በፊት በኢንተርኔት ግዢ። የፔትራና የጀራሽ መግቢያ አብሮ አለው። ስትገዢ ፔትራን ለ2 ቀን የሚያስገባውን ምረጪ።