ጉጉት ማስመሰል ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ማስተማር ከጀመርክ ሦስተኛ ዓመትህ ነው፤ ያው ስላይድ፣ ያው ምሳሌ፤ ተማሪው ስልኩን ያያል፣ አንተ ሰዓትህን። «ጉጉት ማስመሰል ይቻላል ወይ? እንዲህ ያሉ የመምህራን ግሩፖችስ ይጠቅማሉ ወይስ ጊዜ መግደያ ናቸው?» ብለሃል። ስታትስቲክስ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ማስመሰሉ ይቻላል። እንዲያውም በደንብ ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፎክስ የሚባል ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» ተብሎ ለሥነ አእምሮ ሐኪሞችና ለሌሎች ባለሙያዎች ሌክቸር እንዲሰጥ ተደረገ። ርዕሱ ጌም ቲዎሪን (የተፎካካሪዎችን ውሳኔ በሒሳብ የሚያጠናውን ዘርፍ) ለሐኪሞች ትምህርት ስለማዋል ነው፤ ሰውዬው ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም። ንግግሩ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ በሚጋጭ ሐሳብ ተሞልቷል። በቀልድና በሞቀ ድምፅ አቀረበው፣ አድማጮቹም ጥሩ ነጥብ ሰጡት። ጥናቱ በ1973 ታትሟል። እኔ ያነበብኩት ተማሪዎቼ በግምገማ ከፍ አድርገውኝ በፈተና ዝቅ ባሉበት ሴሚስተር ስለነበር፣ ብዙም አላሳቀኝም።

የኔ ወኔ ሲጠፋ ድካም መስሎኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመቴ ስለ ቫሪያንስ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ቫሪያንስ የቁጥሮችን መበታተን መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ከአማካዩ ያለው ርቀት በራሱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ይካፈላል። «መምህር፣ የናሙናውን ቫሪያንስ ስናሰላ ለምን በብዛቱ አናካፍልም? ለምን አንድ እንቀንሳለን?» «ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም ስለሚባል ነገር ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ። ቃሉን ጻፈችው፣ እስክሪብቶዋን ከደነች። እንዳልገባት ያስታውቃል። የባሰው ግን እኔም አልገባኝም ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀመሩን ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ።

ያን ማታ ለዓመታት ድምፄን አጥፍቼ የማነበው አንድ የስታትስቲክስ መምህራን ግሩፕ ውስጥ ጥያቄውን ጻፍኩ። በስሜ መጠየቅ አፍሬ በቅጽል ስም ነው። «ያንን ቃል ሳልጠቀም እንዴት ላስረዳ?» አንድ ሰው እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ውሰድ፤ በአንዱ 0፣ በሌላው 2 ጻፍ። አማካያቸው 1 ነው፣ ቫሪያንሳቸውም 1። አንዱን አውጣ፣ መልሰው፣ ድጋሚ አውጣ። የሚገጥምህ ከአራት አንዱ ነው፦ 0 እና 0፣ 0 እና 2፣ 2 እና 0፣ 2 እና 2። ለየአንዳንዱ በ2 እያካፈልክ ብታሰላ 0፣ 1፣ 1፣ 0 ታገኛለህ፤ በአማካይ ግማሽ ነው፣ ከእውነተኛው አነሰ። በ1 ብታካፍል 0፣ 2፣ 2፣ 0 ይሆንና አማካዩ ልክ 1 ይመጣል። ናሙናው ርቀቱን የሚለካው ከራሱ አማካይ ነው፤ ያ አማካይ ደግሞ ለራሱ ቁጥሮች ያደላል፣ ስለዚህ ርቀቱን ያሳንሰዋል።

እርሳስ ይዤ ሠራሁት። ልክ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ወረቀቶቹን በኪሴ ይዤ ገባሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፣ ቀልድም አልነበረኝም። ያችው ልጅ አወጣች፣ ሌሎቹ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ግማሽ ሲመጣ አንዱ ከኋላ «ሦስት ጊዜ ብናወጣስ?» አለ። አላሰብኩበትም ነበር። ስምንቱን አማራጭ አብረን ደረደርናቸው፤ በ3 ስናካፍል በአማካይ ሁለት ሦስተኛ መጣ፣ በ2 ስናካፍል ተመልሶ 1። ሰዓቱ ማለቁን ያስታወሰኝ ቀጥሎ የሚገባው መምህር በር ላይ ቆሞ ነው። አንተ ጠፋብኝ የምትለው ነገር የተመለሰልኝ ያኔ ነው፤ እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነበርና።

ግሩፖቹን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የሰርተፍኬት ፎቶና «እንኳን ደስ አለህ» ናቸው። ከሁለቱ ወጥቻለሁ፣ የአንዱን ማሳወቂያ አጥፍቻለሁ። የቆየሁት ሰው «ዛሬ ክፍል ውስጥ ይህ አልሠራልኝም» ብሎ የሚጽፍባቸው ላይ ብቻ ነው። ጥያቄህ ቀደም ብሎ ተጠይቆ እንደሆነም ፈልግ፤ በእኔ ሙያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለው ክሮስ ቫሊዴትድ የሚባል የስታትስቲክስ ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ የቆዩ ጥያቄዎች ከአዲሶቹ ይልቅ ጠቅመውኛል።

አንድ ነገር ግን ጠብቅ። ተማሪውን ማሠራት ስትጀምር ግምገማህ ሊወርድ ይችላል። ሃርቫርድ ውስጥ በፊዚክስ ክፍሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ፤ እየሠሩ የተማሩት በፈተና ቢበልጡም የተማሩት ያነሰ መስሎ ተሰምቷቸው ነበር። የእኔም ነጥብ በዚያ ሴሚስተር ትንሽ ወርዷል፤ ኃላፊዬ ጠርቶ ጠይቆኛል፣ ወረቀቶቹን አሳየሁት።

የምታስተምረውን ኮርስ አልጻፍክም። ተማሪ ጠይቆህ በቃል ብቻ ያለፍከው ጥያቄ ካለ እዚሁ ጣለው፤ ቁጥር ያለበት ከሆነ እኔ አለሁ፣ ካልሆነም ድምፃቸውን አጥፍተው የሚያነቡ ብዙ ናቸው።