የጓሮ ማንጎና ነጩ ስኬል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቡሬ አካባቢ ባለው ጓሮዬ የማንጎው ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ፍሬውም ሮዝ ነጠብጣብ እያወጣ ነው። በሽታ ነው ወይስ ተባይ?

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደምረዳው ነጩ የማንጎ ስኬል የተባለው መጤ ተባይ ነው። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጎጃምም ገብቷል። ለማረጋገጥ አንድ ቅጠል ቀጥፈው ክቡን ነጭ ሽፋን በጥፍርዎ ጫፍ ቀስ ብለው ያንሡት፤ ከሥሩ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀች ለስላሳ ነፍሳት ካገኙ ሴቷ እርሷ ናት። በአጠገቧ ተሰብስበው የሚታዩት፣ ሞላላ ሆነው በጀርባቸው ሦስት ሸንተረር ያላቸው ነጫጮች ወንዶቹ ናቸው። የዛፉን ፈሳሽ ስለሚመጥጡ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቀንበጡ ይደርቃል፣ ፍሬውም ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ ከመርጨት በፊት መጋዝ ያንሡ። ተባዩ በሰም ሽፋን የተከለለ በመሆኑ፣ ገና ተፈልፍለው ሽፋን ካላበጁት ጫጩቶቹ በቀር በሚነካው መድኃኒት በቀላሉ አይሞትም፤ ከዘር የበቀለ ረጅም ማንጎ ከሆነም በጀርባ የሚታዘለው መርጫ አናቱ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ፍሬው እንደተለቀመ የተጠቁትንና የተጨናነቁትን ቅርንጫፎች ገርዘው ብርሃንና አየር ያስገቡለት፣ የተቆረጠውንም እዚያው ያቃጥሉት። ከዚያ በኋላ መርጨት ግድ ከሆነ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ አማክረው ይርጩ እንጂ ከሱቅ ያገኙትን ሁሉ አይሞክሩ፤ ብዙው መድኃኒት ስኬሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም ይገድላል። ዛፉ ሲያብብ ግን ፈጽሞ አይርጩ፤ በጎጃም ቀፎ የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል፣ የጎረቤትዎን ንብ መፍጀት ደግሞ ታላቅ በደል ነው።

ጥያቄ፦ ከጓሮዬ የበቀሉ ችግኞችን ፍኖተ ሰላም ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤ ነበር።

መልስ፦ እባክዎ አይላኩ። ጫጩቶቹ በነፋስ ቢወሰዱም፣ ተባዩ ከወረዳ ወረዳ የሚሻገርበት ዋናው መንገድ ችግኝ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬው ውስጥ የማገኘው ትልስ የዚሁ ተባይ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እርሱ የፍራፍሬ ዝንብ ዕጭ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትጥላለች፤ ትሉ ሥጋውን በልቶ ሲያድግ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለሆነም የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅመው ቢያንስ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አስረው ለብዙ ቀናት ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ዝንቧ አጥር ስለማታውቅ ጎረቤቶችዎም በዚያው ሰሞን እንዲለቅሙ ያስተባብሯቸው።