መልስ፦ ሁለት የካንትሪ ጣቢያ፣ አንድ ባለቤት

ወንድሜ፣ “አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ 95.5 እና 103.3 የሚባሉት የሬዲዮ ጣቢያዎች ሁለቱም የካንትሪ ሙዚቃ ያጫውታሉ፤ ባለቤታቸው አንድ ከሆነ ለምን ይሻማሉ?” ላልከው፣ እውነቱን ለመናገር እርስ በርስ አይሻሙም። ለዓመታት ሁለቱም ኪዩሙለስ በተባለው የሬዲዮ ኩባንያ እጅ ናቸው። ፉክክሩ የሌላው የሬዲዮ ኩባንያ፣ የአይኸርትሚዲያ ከሆነው ከ97.9 ጋር ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አንዱ ጣቢያ አዳዲስ ዘፈን ይዞ ተቀናቃኙን ፊት ለፊት ይገጥማል። ሌላው የቆዩትን እያጫወተ የቀረውን አድማጭ ይሰበስባል። 95.5 እ.ኤ.አ. በ2014 “ናሽ አይከን” ሲባል የተሰጠው ሥራ ይኸው የቆዩትን ማጫወት ነበር። ከዚያ የማስታወቂያ ሠራተኛው መኪና ሻጩ ዘንድ ሄዶ ሁለቱንም በአንድ ጥቅል ያቀርብለታል። አንዲት ጣቢያ ብቻ ያለው ሰው ይህን በምን አቅሙ ይችለዋል?

አንድ ኩባንያ ብዙ ጣቢያ እንዲይዝ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ቀድሞ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 ጣቢያ በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ያ ገደብ ተነሳ። በትልልቅ ከተሞችም እስከ 8 ተፈቀደ፤ ከእነዚህ ኤፍኤም የሚሆኑት ግን ከ5 አይበልጡም። ክሊር ቻናል፣ ማለትም የዛሬው አይኸርት፣ ከ1,000 በላይ ሰበሰበ። ግዢው ግን በብድር ነበርና ዕዳው አልለቀቃቸውም፤ ኪዩሙለስ በ2017፣ አይኸርት በ2018 ከባለዕዳዎቻቸው የሚጠብቃቸውን የፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቁ። ወጪ ለመቀነስ ሲባልም፣ “እንደምን አደራችሁ” የሚልህ አቅራቢ ሌላ ከተማ ሆኖ ቀድሞ የቀዳው ሊሆን ይችላል። (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።)

ለየት ያለ ነገር ካማረህ 650 ኤኤምን ሞክር። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለውን የካንትሪ ሙዚቃ ዝግጅት ከ1925 ጀምሮ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ የሁለቱም ኩባንያዎች ንብረት አይደለም።