«ክፍል ገብቼ ምን አገኛለሁ?» ላልሽኝ

ውድ እህቴ፣

እዚህ ጅማ የዕፅዋት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። መምህሩ ስላይዱን እያነበበ ያልፋል፣ ያው ስላይድ ማታ በቴሌግራም ይላክላችኋል፣ ያልገባሽን ዩቲዩብ ላይ ታገኚዋለሽ። አጋሮ ያሉት አጎትሽ ደግሞ «ነይና ቡናውን አብረን እንሥራ፤ እዚህ በአንድ የለቀማ ወቅት የምታውቂውን እዚያ በአራት ዓመት አታውቂውም» ብለውሻል። ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ልሙላ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ጥርጣሬሽን እንደ ስንፍና አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ሥራ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል የተማሩት፣ እየተጠየቁና እየተወያዩ ከተማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቅር ያለሽ በእውነተኛ ነገር ነው። ነገር ግን የተሻለ ውጤት ያመጡትም ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በዪ። ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ ውስጥ የሠሩት ነው።

ዶርም ሆኖ ሃንድአውት ማንበብን በተመለከተ ብዙ ተማሪ ሲታለል አያለሁና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ሁለት ሁለት አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱን ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን አንዴ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ትተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ የበለጠ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አስታውሰው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ቪዲዮ አይተሽ «ገባኝ» ስትዪ የሚሰማሽ ስሜት የዚያ የአምስት ደቂቃ ስሜት እንዳይሆን እፈራለሁ። ቪዲዮው የተሳሳትሽው የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም፤ አንቺም አታውቂውም። ክፍል ገብተሽ የምትፈልጊው ነገር ይኸው ነው፦ ስትሳሳቺ የሚሰማሽና የሚያርምሽ ሰው።

ይህን ከመምህሩ ለማግኘት ግን ባዶ እጅሽን አትግቢ። ስላይዱን ቀድመሽ አንብቢና መልሱ እዚያው ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ ጽፈሽ ሂጂ። ክፍል ውስጥ ጊዜ ካልሰጠሽ ቢሮው ሂጂ፤ ሠላሳ ስላይድ አንብቦ የሚወጣ መምህር በሩን ለሚያንኳኳ አንድ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሦስት አራት ጓደኞች ይዘሽ ባዶ ክፍል ውስጥ በየተራ ሰሌዳ ላይ አስረዱ። ሥራ ስትፈልጊ ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽም ጥያቄሽን የሚያስታውስ መምህር እንጂ አቴንዳንስ ላይ ስምሽን ያየ አይደለም።

አጎትሽ ትልቅ ዕውቀት አላቸው፤ አትናቂው። እሸቱ የሚለቀምበትን ቀን፣ ጀንፈሉ (ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) በደንብ መድረቁን በእጅና በዓይን የሚለዩ ሰው ናቸው። ግን እርሳቸውን ስለ ችግኞቻቸው ጠይቂያቸው። ምናልባት 74110 ወይም 74112 የሚባለው የቡና ዝርያ ነው ይሉሽ ይሆናል። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ ለትውልድ ቡና ያለሙ ገበሬዎች ፍሬው ገና በአረንጓዴው ሲጠቁር አዩ፤ ልምዳቸው ብቻውን ሊያድነው አልቻለም። ተመራማሪዎች በሽታው በበረታበት ማሳ መሀል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን መረጡ፣ በሽታውን መቋቋማቸውን ፈተሹ፣ ዘራቸውን አባዙ። እነዚያ ዝርያዎች የመጡት ከዚህ ነው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት (እ.ኤ.አ. 1974) ነው። ይህ ሥራ የሚካሄድበት የመልኮ የምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገብሽ ነው። ያን ሥራ የሚያሠራው ዕውቀት፣ ማለትም የሙከራ አነዳደፍ፣ ስታቲስቲክስ፣ የዕፅዋት በሽታ፣ አሁን የሰለቹሽ ኮርሶች ውስጥ ነው ያለው። በልምምድ ጊዜሽ እዚያ ለመግባት ከአሁኑ ጠይቂ፤ የቡና ቅምሻም የሚያስተምርሽ ካገኘሽ አትለፊው።

በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ነው። ፈተናው የዓመታቱን ዋና ዋና ኮርሶች አንድ ላይ ስለሚጠይቅ፣ በመጨረሻው ወር ሽምደዳ አይወጡትም።

ስለዚህ አሁን ፎርሙ ላይ አትፈርሚ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በለቀማው ወቅት ቅዳሜና እሁድ ሄደሽ ከአጎትሽ ጋር ሥሪ። ያየሽውንና ያልገባሽን ጻፊ፣ ሰኞ ለመምህርሽ አቅርቢው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አሁንም መውጣት ከፈለግሽ፣ ከመወሰንሽ በፊት ግሬድሽንና የጻፍሽውን ደብተር ይዘሽ ነይ፤ ከአጎትሽ ጋር ሆነን እንነጋገርበታለን።