የአምራቾች ማህበር ለሥራ ፈላጊ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። የዘጌ ልጅ ነሽ፤ አሁን ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ቤት ተከራይተሽ ትኖሪያለሽ። በማሽኒንግ (በማሽን ብረት የመቁረጥና የመቅረጽ ሙያ) ደረጃ 4 ጨርሰሽ ሲኦሲም፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውንም፣ አልፈሻል። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ቀበሌ በሥራ ፈላጊነት ተመዝግበሻል፣ ከፋብሪካ በር ፋብሪካ በር እየዞርሽ የማስረጃሽን ኮፒ ለጥበቃ ሰጥተሻል፣ የደወለልሽ ግን የለም። አንድ የወርክሾፕ ባለቤት ደግሞ «ሴት ልጅ ቶርኖ ላይ?» ብሎ መለሰሽ፤ ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን ነው። በዚህ መሀል ጓደኛሽ የአምራቾች ዘርፍ ማህበር የሚባል እንዳለ ነገረችሽና «የባለሀብቶች ማህበር እኔን ምን አገባው? ብሄድስ ያናግሩኛል?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እህቴ፣ ያናግሩሻል። ነገር ግን እንደ ፋብሪካው በር ኮፒ ትተሽ ለመመለስ ከሆነ የምትሄጂው፣ ድካሙ ይቅርብሽ። ማህበሩ ራሱ ሠራተኛ አይቀጥርም። የሚጠቅምሽ በሌላ መንገድ ነው፣ እሱን ላስረዳሽ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ሁለት ዓይነት ስብስብ ለይቶ አስቀምጧል። ነጋዴዎች የሚሰባሰቡበት የንግድ ምክር ቤት አለ፤ በአንድ የሥራ መስክ የተሰማሩ አምራቾች የሚሰባሰቡበት ደግሞ የዘርፍ ማህበር አለ። ሁለቱም ከከተማ ተነስተው እስከ ክልልና እስከ አገር ይያያዛሉ። ታፔላ ላይ «የንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤት» የሚል ረጅም ስም የምታነቢው ለዚህ ነው። በሕግ የተቋቋመ ቢሆንም የመንግሥት ቢሮ አይደለም፤ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው።

ሥራው በዋናነት የአምራቹን ጉዳይ መያዝ ነው። ግብር፣ የመሥሪያ ቦታ፣ መብራት፣ ብድር፣ ባዛርና ኤግዚቢሽን። አንድ የኑግ ዘይት የሚጨምቅ ሰው መብራት ተቋርጦበት ብቻውን ቢያመለክት ደብዳቤው መዝገብ ቤት ያድራል። ሠላሳ ሆነው በማህበራቸው በኩል ሲመጡ ግን ስብሰባ ይጠራል። ይህ አንቺን የማይመለከት እንዳይመስልሽ። መብራት በጠፋበት ቀን ማሽኑ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ በቁራጭ የሚከፈለው ሠራተኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ባለቤቱም «አዲስ ሰው እቀጥራለሁ» ያለውን ሐሳቡን ያጥፋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብሽ። ይህ የአሠሪዎች ማህበር ነው። ደመወዝ ቢቀርብሽ ወይም ያለ አግባብ ብትባረሪ ጠበቃሽ እሱ አይሆንም። ለዚያ የሠራተኛ ማህበር አለ፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞቹ ማቋቋም ይችላሉ። ሁለቱም «ማህበር» ስለሚባሉ ብዙ ወጣቶች አንዱን ከሌላው እየቀላቀሉ ኋላ ሲያዝኑ አይቻለሁ።

የአሠሪው ጥቅምና ያንቺ ጥቅም የሚገናኘው ሙያ ላይ ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የትብብር ሥልጠና ሲታሰብ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ኮሌጁ ግን ሠልጣኞቹን የሚልክበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ የሚቀበላቸው ድርጅትም አጠገባቸው ቆሞ የሚያሳይ ሰው መመደብ አለበት። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ወደ አንድ ወርክሾፕ ላክሁ። ሁለት ወር ሙሉ ብረት ብናኝ ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ ከርሞ ቅጹ ላይ ተፈርሞለት ተመለሰ። ማሽኑን አንድ ቀን አልነካም። ቀድሜ ሳልጠይቅ መላኬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሠልጣኝ ከመላኬ በፊት ማህበሩ ውስጥ ያሉ ሰዎችን እጠይቃለሁ፦ ከአባላቱ መካከል ሠልጣኝ የሚያሠራው ማን ነው? የሚያስጠርገውስ ማን ነው? እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ይነግሩሻል። ይህን እውቀት የትኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አታገኚውም።

ደግሞም የሙያ ብቃት መመዘኛው የሚወጣው በኢንዱስትሪው ሰዎች ተሳትፎ ነው፤ ለሲኦሲ የተግባር ፈተና ስትቀርቢ ቆመው ያዩሽ መዛኞችም ከኢንዱስትሪው የሚመጡ ናቸው። እነዚያን ሰዎች ታስታውሻቸዋለሽ? በጥሩ ነጥብ ያሳለፈሽ ሰው አሁንም የሆነ ቦታ ማሽን ላይ ነው። ሰላም ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ቶርኖው እንምጣ፤ እኔን ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ከተማችን ባሕር ዳር ፋብሪካና የሙያ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ይዛ ያደገች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ፖሊ ቴክኒኩ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። አንዱ ማሽን ያቆማል፣ ሌላው ማሽን የሚያውቅ ልጅ ያወጣል። ዛሬም በከተማው ያሉት የዱቄት፣ የዘይት፣ የፕላስቲክ፣ የቆዳና የልብስ ድርጅቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከውጭ በመጣ ማሽን ነው። ማሽን ያረጃል። ጥርሱ ይሰበራል፣ ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) ይበላል፣ ቦኮላው (ዘንጉ የሚያልፍበት ቀለበት) ይለቃል። መለዋወጫውን ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ማግኘትና ወራት መጠበቅ ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ስለሚወሰን በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ከብዷል። ስለዚህ ባለቤቱ የተሰበረውን ብረት በማዳበሪያ ጠቅልሎ ቶርኖ ቤት ይዞ ይመጣል። ያቺን ቁራጭ ለክታ፣ ስላ፣ መልሳ የምትሠራ ሰው ለእሱ የሠራተኛ ቁጥር ማሟያ አይደለችም። የቆመ ፋብሪካ ታስነሳለች።

አንቺ ግን ጥበቃው ጋ የተውሽው «ደረጃ 4» የሚል ወረቀት ነው። እንደዚያ ያለ ወረቀት በየመሳቢያው ሞልቷል። ባለቤቶቹ ሲሰበሰቡ ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ደግሞ ወረቀት ያለው በዝቶ ማይክሮሜትር (የብረትን ውፍረት በረቂቅ የሚለካ መሣሪያ) በትክክል የሚያነብ ማነሱን ነው። ከፊሉ ግነት ነው፣ ከፊሉ ግን እውነት መሆኑን ሥልጠና ላይ አይቻለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የተማርሽበት ኮሌጅ ሄደሽ የወርክሾፕ መምህርሽን አንድ ከሰዓት ማሽን እንዲፈቅዱልሽ ለምኚ። ሦስት ነገር ሥሪ፤ አንድ ቦኮላ፣ አንድ ደረጃ ያለው ሻፍት፣ አንድ ውስጡ የብሎን ጥርስ የወጣለት ቁራጭ። ለእያንዳንዱ ንድፉን ንጹሕ ወረቀት ላይ ሣይ። ንድፉ 25 ሚሊሜትር ካለ፣ የሠራሽው በማይክሮሜትር ሲለካ ስንት እንደሆነ አጠገቡ ጻፊ። ጥቂት ብትስቺም ሳትደብቂ ጻፊው፤ ስህተቱን ለክታ የምታውቅ ሰው ትታመናለች። ሦስቱን ዘይት ቀብተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ማህበሩ ቢሮ ሂጂ። «ሥራ ስጡኝ» አትበዪ። «ከአባሎቻችሁ መለዋወጫ ከድርጅታቸው ውጭ ቶርኖ ቤት ልከው የሚያሠሩት እነማን ናቸው? ጥገና ክፍል ያላቸውስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሠራሽውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። መቼ አጠቃላይ ስብሰባ ወይም ሥልጠና እንዳላቸውም ጠይቂ። የካይዘን (የሥራ ቦታንና አሠራርን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ) ሥልጠና ካለ በታዛቢነትም ቢሆን ግቢ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ «5ቱ ማ» የሚባሉት፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በብዙ ፋብሪካ ቋንቋ ሆነዋል። መሣሪያሽን ሥርዓት ይዘሽ ስታስቀምጪ ያየ አለቃ ሳትነግሪው ይገባዋል።

ስለ «ሴት ልጅ ቶርኖ ላይ» ጉዳይ በጣም ተናድጃለሁ። ሕጉ በጾታ መለየትን ይከለክላል፤ መብትሽ ነው። በር ላይ ቆመሽ አዋጅ ብትጠቅሺለት ግን ማሽኑ ጋ አያደርስሽም። «አንድ ሰዓት ፈትኑኝ» በይው። የሥራ ቱታ ለብሰሽ፣ ጸጉርሽን ጠቅልለሽ፣ ቀለበትሽን አውልቀሽ፣ መነጽር ይዘሽ ሂጂ። ነጠላና ሻርፕ ከሚዞር ማሽን አጠገብ አይቀርብም፤ ይህን አውቀሽ መምጣትሽን ሲያይ የፍርሃቱ ግማሽ ይወርዳል።

ሲቀበሉሽ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም እንደማይበልጥ ያዢ። ውሉ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። «ለስድስት ወር በነጻ ልመድ» የሚልሽን እምቢ በይ። ደላላም አስቀጥርሻለሁ ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪው።

ተደራጅቶ መሥራትን አላነሳሽም፤ እኔም አሁን አልገፋሽም። ከተማው ሼድ ይሰጣል፣ እንደ ዋልያ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም ማሽን በኪራይ ግዢ ያቀርባሉ። ነገር ግን ደንበኛ ሳይኖርሽ ማሽን ብትይዢ ዕዳው ይቀድምሻል። ሁለት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርተሽ የማን ማሽን በየስንት ጊዜው እንደሚሰበር ስታውቂ ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ ያኔ ማህበሩ ዘንድ የምትሄጂው በአባልነት ይሆናል።

መጪው ሳምንት ኮሌጁ ማሽን ከፈቀደልሽ የሦስቱን ቁራጮች ልኬት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ማህበሩ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት አብረን እናየዋለን።