ኮሮላዬን ሸጬ ቴክኖሎጂ የበዛበት መኪና ልግዛ? ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የ2006 ሞዴል ማንዋል ኮሮላሽን ሸጠሽ ለቻይና ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዢ አስበሻል። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ ትመላለሻለሽ። አባትሽም አልፎ አልፎ መኪናውን ይዘው ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። ያማከርሽው ሰው ሁሉ ግን «ኮምፒዩተር የበዛበት መኪና ራስ ምታት ነው፣ ኮሮላሽን ያዢ» ብሎሻል። እውነታቸውን ነው ወይ ነው ጥያቄሽ።

እኔ ኮሮላ ለዓመታት ይዣለሁ። አሁን የምነዳው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱንም እዚሁ አዲስ አበባ፣ በዚሁ መንገድና በዚሁ ጋራዥ አውቃቸዋለሁ። እንደኔ ከሆነ «ቴክኖሎጂ» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ መጠቅለል ልክ አይመጣም። አንዳንዱ ሥራውን ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሲበላሽም የሰፈር ባለሙያ ይደርስበታል። አንዳንዱ ደግሞ ለመክፈትም ለመጠገንም ባሕር ማዶ ያለ ሰው ፈቃድ ይጠይቅሻል። የመጀመሪያውን ሳትፈሪ ግዢው። ሁለተኛው ግን ገንዘቡን ከፍለሽ መኪናው ግማሽ የሌላ ሰው ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል።

«የድሮ መኪና ይሻላል» የሚሉ ወዳጆቻችን ካርቦራቶርን፣ ያንን ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን የድሮ ዕቃ፣ የረሱት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራቶር እዚህ ሲመጣ ለዚያ ስስ አየር ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የያዘ ካንዴላ፣ ጠዋት ጠዋት ቾክ እየሳቡ መለመን። ወደ አዋሽ ስትወርጂ ደግሞ ሌላ ማስተካከያ። ያንቺ ኮሮላ ይህ ችግር የለበትም። ለምን? ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የተቃጠለውን እየለካ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ይመጥናል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው «ቀላል መኪና» እያለ የሚያመሰግነው ኮሮላ ራሱ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ብዙ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ ይዘጋው ነበር። ዛሬ የሚያውቀው ሰው በየሰፈሩ አለ። ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የኮሮላ ምስጢር ይኸው ነው፤ መኪናው ከተማውን ለመደ፣ ከተማውም መኪናውን ለመደ።

አንድ ጊዜ የኔው ኮሮላ ቼክ ኢንጂን አብርቶ ነዳጅ መጠጣት ጀመረ። በድሮው አሠራር ቢሆን ካንዴላ ይቀየራል፣ አልሆነም፤ የቤንዚን ፓምፕ ይቀየራል፣ አልሆነም፤ እንዲህ እያለ ኪስ ይራቆታል። እኔ የሄድኩበት ጋራዥ ግን አንድ ወጣት ከመሪው ሥር ያለችውን መሰኪያ በእጁ ዳብሶ ስካነሩን ሰካ። ኮዱን አነበበና ወዲያው «ሴንሰር ነው» አላለኝም። ሞተሩን አስነስቶ የሴንሰሩን ንባብ ትክ ብሎ ያይ ጀመር። ንባቡ ሳያቋርጥ መውጣትና መውረድ ነበረበት፤ እሱ ግን አንድ ቦታ ቆሟል። «አየህ? ሞቷል» አለኝ። ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ነዳጁም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያቺ መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ የግድ ሆናለች፤ ያንቺም ላይ አለች። ለባለቤቱ የሚጠቅም ቴክኖሎጂ ስል እንዲህ ያለውን ነው። ችግሩን ራሱ ይናገራል፣ ማንም ስካነር ያለው ሰው ይሰማዋል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። መቼም ሞተሩ ላይ ክርክር የለኝም። በስስ አየር ምክንያት የቤንዚን ሞተር እዚህ ከተማ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። አራት ሰው ጭነሽ እንጦጦን ስትወጪ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስቺው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ዳገቱን ሽቅብ የሚወጣው በሙሉ ጉልበቱ ነው። ቁልቁለቱን ስትወርጂ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ የፍሬን ሸራሽም ዕድሜ ያገኛል። ፍሪሲዮን የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም። ማደያ ሰልፍ የለም። ከአያት ሜክሲኮ በትራፊክ ፍሪሲዮን ስትረግጪ የምትውይው አንቺ ነሽና ማታ እግርሽ ይመሰክራል።

ስለ ደኅንነት ደግሞ ቆም ብዬ ላውራ፤ ብዙ ሰው ሲያወዳድር ይህን ዘሎት ያልፋል። የኋላ ካሜራ ቅንጦት አይደለም። ግቢያችን ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ። ከመኪናው ኋላ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሕፃን በስፖኪዮ አይታይም። አሜሪካኖቹ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኋላ ካሜራ ግዴታ ያደረጉት ለዚህ ነው። ራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪናም የፊት መኪናን ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደኅንነት ተቋም አሳይቷል። ሰው በድንገት መሐል አስፋልት በሚገባበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤ.ቢ.ኤስም በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ረግጠሽ መሪ እንድታዞሪ ያስችልሻል። ኮረኮንች ላይ ግን መቆሚያ ርቀቱን ሊያረዝመው ስለሚችል እሱን እወቂ።

ስለ ደኅንነት ካነሳሁ ዘንድ፣ ኮሮላሽን ብታቆዪውም ብትሸጪውም አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ውስጣቸው ያለው ፈንጂ ባሕርዩ ይለወጣል። ሲፈነዱ ከመጠን በላይ ኃይል ይኖራቸውና የብረት ስብርባሪ ፊት ላይ ይረጫሉ። በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ያህል እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎችም አሉበት። ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር አሮጌ ሆኖ የገባ መኪና ሳይቀየርለት መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ወስደሽ በቶዮታ ድረ ገጽ አጣሪ። እባክሽ ለነገ አትበይው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስክሪኑ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ማታ፣ ከቦሌ ወደ ሲኤምሲ። ዝናቡ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። የፊት መስታወቱን ከውስጥ ጉም ሸፈነው። ኮሮላው ላይ ቢሆን ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ እጄን ሰድጄ አዞር ነበር፤ ቁልፉ የት እንዳለ ጣቴ ያውቀዋል። እዚህ ግን ቁልፍ የለም። ስክሪኑን መንካት፣ የአየሩን ገጽ መክፈት፣ ከዚያ ውስጥ የመስታወቱን ምልክት መፈለግ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። መኪናው ሲነጥር ጣቴ ሌላ ቦታ ያርፋል። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ትጠርግልኛለች። ከኋላ ሚኒባሱ ክላክስ ያደርጋል። ዳር ይዤ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ ቆምኩ፤ ከዚያ ነው ያስተካከልኩት። ጉም ለማጥፋት መኪና ማቆም!

ይህ የኔ ብቻ ብሶት አይደለም። ቪ ቢሌጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. ሞክሮታል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ እንደ ሬዲዮና ማሞቂያ ያሉ ቀላል ነገሮችን ማስተካከል። ቁልፍ ያለው የ2005 ሞዴል ቮልቮ 10 ሰከንድ ፈጀበት። በስክሪን የሚሠራ አንድ አዲስ መኪና 44.6 ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት ያ ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻን፣ መጥረጊያንና ክላክስን ለመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ የሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ እንዳያገኝ አድርጓል። እሰየው ነው ያልኩት።

ከስክሪኑ የሚብሰው ግን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሲመጣ አፑ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በቻይና ስልክ ቁጥር ነው። መኪናው ያገለገለ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠቃሚ አካውንት ላይ ታስሮ ሊመጣ ይችላል። የአምራቹ ዋስትና ለዚያ አገር ገዢ የተሰጠ ስለሆነ እዚህ አይከተልሽም። ቋንቋውን በጎን የሚቀይሩ ልጆች አሉ፣ ጎበዞችም ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ከታደሰ በኋላ ግን የሠሩት ሊጠፋ ይችላል። የቻርጅ መሰኪያውም የቻይናው ዓይነት ነው፣ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም። የመኪናውን ዋጋ ስትሰሚ እነዚህን ሁሉ ደምሪበት።

ጎረቤቴ ለዘመድ ሠርግ ክፍለ ሀገር ቆይቶ ሲመለስ መኪናው አልከፈት አለው። እጀታው በሩ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው። የሞተችው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት፤ በሩንም፣ ኮምፒዩተሩንም፣ የትልቁን ባትሪ ማገናኛም የምታነቃው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ትልቁ ባትሪ ቢሞላም አይሰማም። ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የብረት ቁልፍ አለ። ቀዳዳው ደግሞ እጀታው ላይ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። የሸጠለት ሰው ሁለቱንም አላሳየውም። በቁልፉ በሩን ከፍተን፣ ግቢ ውስጥ ከነበረች ቪትዝ ለትንሿ ባትሪ በኬብል ኃይል ሰጥተናት መኪናው ወዲያው ተነሣ። ነገሩ የአምስት ደቂቃ ነው፤ ላላወቀ ሰው ግን መኪና አስጭኖ ጋራዥ የሚያስገባ ወጪ ነው።

መስመር ጠባቂ የሚባለውን፣ መኪናው ከመንገዱ መስመር እንዳይወጣ የሚያደርገውን ነገር፣ ለከተማ ብለሽ አትክፈዪበት። ቀለሙ በጠፋ አስፋልት ላይ ምን ይጠብቃል? የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ደህና ይሠራል፤ ከተማ ውስጥ እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ስለ ቻርጅ ብዙ አትጨነቂ። የቤት ሶኬት በ10 አምፒር ስምንት ሰዓት ቢያድር 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ለትንሽ መኪና ያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለቀንሽ ይተርፋል። ግን ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር በደህና ሽቦና በአርዝ አስዘርጊ። በኤክስቴንሽን እንዳትሞክሪው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚግል ሽቦ ቤት ያቃጥላል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ባትሪውን ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ አቆዪው።

እንግዲህ ውሳኔዬን ልንገርሽ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኮሮላሽ ገዢ አያጣም፤ ለመሸጥ አትቸኩዪ። ኤሌክትሪኩን ግዢ፣ ግን እየመረጥሽ። ከአንድ ሞዴል ሁለት ዓይነት ካለ ለአየርና ለመጥረጊያ ቁልፍ ያለውን ያዢ፣ ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም። ከተማ ውስጥ በብዛት የሚታይ ሞዴል ይሁን፤ ዕቃና ባለሙያ ሰው ወደበዛበት ነው የሚሄደው። ከመክፈልሽ በፊት መኪናውን ጋራዥ ወስደሽ ከፍ አስደርጊና ሆዱን እይ፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ድንጋይ የመታው ካለ ይታያል። የባትሪውን ጤና በስካነር አስነብቢ። አካውንቱ ፊትሽ ይፈታ። 12 ቮልቷ የት እንዳለች፣ በሩ በብረት ቁልፍ እንዴት እንደሚከፈት ሻጩ በእጁ ያሳይሽ። እምቢ ካለ ትተሽው ሂጂ።

አባትሽን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላል። ሲሄዱ ባትሪውን ብዙ ይበላል፣ ሲመለሱ ፍጆታው ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ 400 ኪሎ ሜትር የሚለውን ባትሪ ሙሉውን ርቀት አትጠብቂበት፤ በፍጥነት መንዳትና ብርድ ይቀንሱታል። ከዚያ ያነሰ ባትሪ ግን ለሳቸው መንገድ አትግዢ። ሌላው ደግሞ እኚህ መኪኖች ድምፅ የላቸውም፣ ትንሽ ሲረገጡም ይወረወራሉ። ከሥልሳ ዓመት በላይ ለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፍሪሲዮን እየለቀቀ ለተነሣ ሰው ይህ ከባድ ለውጥ ነው። የመነሻ ጉልበቱን ወደ ዝቅተኛው አድርጊላቸውና እሑድ ጠዋት መንገዱ ሳይሞላ አብረሻቸው ውጪ። መኪና ማቆምና ወደ ኋላ መሄድ ላይ እስኪላመዱ ድረስ ብቻቸውን አትልቀቂያቸው።